በቅዱሱ ዓይን ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ሲግኔ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፋ ቀቀለችና በውኃው ውስጥ ነጭ ወረቀቶች ነከረች። ሲደርቁ ሐምራዊ ሆኑ። የኖራ ጠብታ የነካው ቦታ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

የኖራ ማምረቻው ኃላፊ እሷ ናት። ለስድስቱ ሠራተኞች አዲስ የዓይን መከላከያ መምረጥ አለባት። ጠረጴዛው ላይ የአየር መውጫው በክዳን የተሸፈነ መነጽርና እስከ አገጭ የሚወርድ ግልጽ የፊት መከለያ አስቀምጣለች። አጠገባቸው ከቤተ ክርስቲያን ጥገና የተረፈ የቅዱስ ኦላቭ የጄሶ ራስ አለ።

"ቅዱስ ኦላቭንም ቀጠርሽው?" አለ አልጎት ከበሩ ላይ ሆኖ። "ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ አይጮህም፣ ቡናም አይጠይቅም።"

"ግባና በሩን ዝጋው፣ ንፋሱ ወረቀቱን ይወስድብኛል።"

ሥራውን ያስተማራት አልጎት ነው። ሚያዝያ ላይ፣ ኖራ በውኃ በሚበጠበጥበት ገንዳ ውስጥ ኖራው ፈልቶ ሲፈናጠር ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ሲግኔ ሮጣ ስትደርስ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። በሪፖርቱ ላይ "ሠራተኛው መነጽሩን ከፍ አድርጎ ነበር" ብላ ጻፈች። እሱ ግን ያነሳሁት ከተቃጠልኩ በኋላ ልታጠብ ስል ነው ይላል። ያን መነጽር የገዛችው እሷ ናት። ሠራተኞቹ ከዚያ በፊት የነበረው መነጽር በእንፋሎት ይጋረድብናል ብለው ስላስቸገሯት፣ ጎንና ጎኑ ቀዳዳ ያለውን መረጠች። እውነትም አልተጋረደም።

አሁን ጥቅምት ነው። አልጎት የሐኪም ፈቃዱን ይዞ መጥቷል። ወደ ገንዳው መመለስ ይፈልጋል።

ሲግኔ በቅዱሱ ሁለት ዓይኖች ላይ ሐምራዊ ወረቀት ለጠፈች። መጀመሪያ የፊት መከለያውን ብቻ አጠለቀችለት። ከአንድ ክንድ ርቀት፣ በተመሳሳይ ጭልፋ፣ በውኃ የቀጠነ ኖራ ዐሥር ጊዜ ረጨችበት። ስታወልቀው ከታች በኩል የገቡ አራት አረንጓዴ ነጠብጣቦች አገኘች። ወረቀቱን ቀይራ ባለ ክዳኑን መነጽር ስትሞክር ወረቀቱ ሐምራዊ እንደሆነ ቀረ፤ ጉንጩ ግን ኖራ በኖራ ሆነ። ፊቱን ጠርጋ መነጽሩን ከውስጥ፣ መከለያውን ከላይ ስታደርግ ወረቀቱም ፊቱም ንጹሕ ሆኑ።

"ሁለቱም አብረው ይገዛሉ" ብላ መዘገበች።

"አሮጌውንስ ለምን ዘለልሽው?" አለ አልጎት።

"እሱን ከእንግዲህ አንገዛውም።"

"አውቃለሁ። ለምን ዘለልሽው ነው ያልኩሽ።"

ሲግኔ መሳቢያውን ከፈተች። የሚያዝያው መነጽር እዚያው ነበር። አዲስ ወረቀት ለጥፋ አጠለቀችለት፤ ማሰሪያውን አጠበቀች። ዐሥር ጭልፋ ረጨች። ከውጭ ጠርጋ አወለቀችው።

ነጠብጣቦቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ዐሥራ ሰባት ነበሩ፤ አብዛኞቹም በቀኝ ዓይን ላይ፣ በቀዳዳዎቹ አቅጣጫ።

አልጎት ግራ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ አስጠግቶ አየ።

"አላነሳሁትም" አለ።

"አላነሳኸውም።"

"ስድስት ወር ሙሉ ሜርታ ራት በቀረበ ቁጥር 'ምናለ ባታነሳው ኖሮ' ትለኛለች። ሚስት ናት፣ ምን ልበላት? መጨረሻ ላይ እኔም አንስቼው ይሆናል ማለት ጀምሬ ነበር።"

ሲግኔ ጭልፋውን ባልዲው ውስጥ አስቀመጠች። "ሪፖርቱን አስተካክላለሁ።"

"መቼ?"

"ዛሬ።"

አልጎት ባለ ክዳኑን መነጽር አንስቶ አጠለቀ። "በይ፣ እኔ ላይም ሞክሪው። ከኦላቭ አላንስም።"

ዓይኖቹን አስጨፈነችው፤ ከመነጽሩ ሥር ደረቅ ሶፍት አደረገች፤ በንጹሕ ውኃ ረጨችው። ስታወልቀው ሶፍቱ በቀኝ በኩል ርሷል። የተቃጠለው ጉንጩ ተሸብሽቦ ስለዳነ የመነጽሩ ጠርዝ አልገጠመለትም። ማሰሪያውን አጥብቃ ደገመችው፤ ያው ሆነ።

"የገባው በቀኝ ነው" አለ አልጎት ፈጠን ብሎ። "እዚያ ምን የሚቃጠል አለ? እሱ እንደሆነ ሞቷል።"

"መነጽሩ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ግድግዳ የለውም፣ አልጎት። ጎንበስ ስትል ወደ ግራ ይሄዳል።"

"ጎንበስ አልልም።"

"ገንዳ ላይ?"

አልጎት ጉንጩን በእጅጌው አደረቀ።

"ሌላ ዓይነት አስመጣለሁ" አለች። "የሚገጥምልህ እስካላገኘሁ ድረስ ግን ገንዳው አጠገብ አትቆምም።"

"ካላገኘሽስ?"

ሲግኔ ባለ ክዳኑን መነጽር ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

"አንቺን ጭልፋ አያያዝ ያስተማርኩበት ቀን ይረገም!" አለና ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። "የዐሥራ ሰባቱን ወረቀት ስጪኝ። ለሜርታ ላሳያት።"

"ይኼኛው ከሪፖርቱ ጋር ይሄዳል።"

"እንግዲያው ሌላ ሥሪልኝ።"

የቅዱሱን ፊት አደረቀች፤ ወረቀት ለጠፈች፤ አሮጌውን መነጽር መልሳ አጠለቀችለት። ዐሥር ጭልፋ ረጨች። በዚህኛው ዐሥራ ዘጠኝ ወጡ። አልጎት ወረቀቱ እስኪደርቅ ቆሞ ጠበቀ፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ሲወጣ የበሩን መቀርቀሪያ ለማግኘት ራሱን ጨርሶ ወደ ቀኝ ማዞር ነበረበት።

ሲግኔ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። የሚያዝያውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘችና ከሥሩ "መነጽሩ ፊቱ ላይ ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈች።