የሣህሉ እህት

የሰው እህት የሆንኩት ሳልጠየቅ ነው። ባሌ ጀላሉ ግንበኛ ነው፤ ያን ቀን ጠዋት ለሥራ እንደወጣ ምሳ ሳይደርስ እያለከለከ ተመለሰና «ዕቃሽን ሰብስቢ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሣህሉ የአክስት ልጅ ነሽ» አለኝ። ሣህሉ የተባለውን ሰው ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ረጅም፣ ሲያወራ የሰው ዓይን የማያይ መርከበኛ ነው።

ሣህሉ የሚሠራው በግሪኮች የጭነት መርከብ ላይ ነው። አሰብ ከቢር በሚባለው ሰፈር ከእናቱ ከወይዘሮ ትሩፋት የወረሰው ቤት አለው፤ በረንዳው ሰፊ፣ ጣሊያን የሠራው፣ የድሮ ቤት። ከዚህ ቤት በቀር በዓለም ላይ የሱ የሚለው ነገር አልነበረውም። ግን የባሕሩ ጨው ጨርሶታል። ቆርቆሮው ተበሳስቷል፣ ልስኑ በእጅ ሲነካ ይረግፋል፣ የመስኮቶቹ ማጠፊያ ዝጎ እምቢ ብሏል። መርከቡ አሰብ ወደብ በቆመ ጊዜ ከድሮ የሚያውቀውን ባሌን አገኘውና «አዲስ አድርገህ ጠብቀኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶት ሄደ። መቼ እንደሚመለስ አልተናገረም፤ የመርከብ ሰው ነውና አላህ ይወቀው።

ጀላሉ ገና ጣሪያውን እየነቀለ ሳለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጫኔ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ቤቱ ባዶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ የደርግ የትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቷል፤ ቤት ማከራየት ክልክል ነው፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቤትም ቀበሌው ይረከበዋል። ጓድ ጫኔ ደግሞ ለኅብረት ሱቅ የሚሆን ቤት ሲያፈላልግ እንደከረመ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባሌ ጣሪያው ላይ እንዳለ ምላሱ ቀደመው። «ኧረ ሰው አለበት፤ እህቱ ናት የምትኖርበት» አለ። የታለች ሲባል ገበያ ሄዳለች አለ። እንግዲህ ከገበያ የተመለስኩት እኔ ነኝ፤ ከነልጄ ከአሊማና ከነስፌት መኪናዬ።

ጓድ ጫኔ በማግስቱ መጣ። ሻሼን አየ፣ አሊማ አንገት ላይ ያለውን ሒርዝ፣ የቁርዓን ክታቧን አየ።

«ሣህሉ ክርስቲያን አይደል እንዴ?» አለ።

«የወሎ ሰዎች አይደለን ጓድ» አልኩት። «የሱ እናትና የኔ እናት የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው። አንዷ ቤተ ክርስቲያን ሳመች፣ አንዷ ሰገደች። በኛ አገር ይሄ ምን ይገርማል?»

አልገረመውም። ግን አላመነኝም። ዓይኑን ከኔ ሳያነሳ «የአክስት ልጅ እህት ናት» አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰበብ እየፈለገ መመላለስ ጀመረ። አንድ ቀን ውኃ ስጪኝ ይላል፣ አንድ ቀን ስብሰባ አለ ይላል፣ ውኃውን እየጠጣ ታዲያ «አክስትሽ ለመሆኑ በምን ሞተች?» ይለኛል። እኔም የማላውቃትን ሴት በሽታ፣ ጸባይና የቀብር ቦታ ከባሌ እየተማርኩ እመልሳለሁ። ሰው በገዛ አክስቱ ላይ እንዲህ ፈተና ተቀምጦ አያውቅም።

ከሣህሉ ጋር የምንገናኘው በካሴት ነበር። ከወደብ ወደብ ሲዞር ድምፁን ይቀዳና ወልደየሱስ በሚባል ሌላ መርከበኛ እጅ ይልከዋል፤ ጀላሉም በዚያው ካሴት ላይ መልሱን ቀድቶ ይመልሳል። የመጀመሪያው ካሴት ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔም «እንዴት ነህ» እለዋለሁ ብዬ ቴፑ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሣህሉ ሰላምታውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ ወደ ነገሩ ገባ። «የላክሁት ሰማያዊ ቀለም በረንዳው ላይ ይቀባ። ሌላ ቦታ ሰማያዊ ቀለም ብሰማ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ» አለ። ባሌ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቤቱን ያመነን ሰው ሳይሆን እንደ ሌባ የሚጠብቀን ሰው ድምፅ ነበር።

የቸገረን እውነቱን መንገሩ ነው። ካሴት ወደብ ላይ ይፈተሻል፤ ፈታሹ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያዳምጥበት ቀን አለ። «ቤትህን ሊወስዱ ነው፣ ባለቤቴን እህትህ አድርጌያታለሁ» ተብሎ እንዴት ይቀዳል? ለወልደየሱስ በቃል እንንገረው ስለው ጀላሉ «እሱ ጠጅ ከቀመሰ የሆዱን ያወጣል፤ የሚጠጣውም ከጓድ ጫኔ ጋር ነው» አለኝ። ስለዚህ ባሌ አንድ ዘዴ አመጣ። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ልስኑ፣ ስለ መስኮቱ ዘርዝሮ ከጨረሰ በኋላ «እህትህ ሰላም ትልሃለች» ብሎ ይዘጋል። ሣህሉ ብቸኛ ልጅ ነው። እህት እንደሌለው የሚያውቅ ሰው እህትህ ሰላም ትልሃለች ሲባል ቆም ብሎ ያስባል፣ አገሩ ምን ላይ እንዳለም ይገባዋል ብለን ተማመንን።

መልሱ መጣ።

«ጀላሉ፣ ጫት አበዛህ እንዴ? እህት እንደሌለኝ አታውቅም? ይልቅ ከጀርባህ የስፌት መኪና ይሰማል። የናቴ ቤት ልብስ ስፌት ሆነ? ሕፃንም አልቅሷል። ካሴቱን ሦስቴ መልሼ ሰምቼዋለሁ፤ ጓዳው ውስጥ ነው ያለቀሰው፣ የጓዳችንን ድምፅ አልስተውም። ማነው ቤቴ ውስጥ የገባው?»

ድፍን ባሕር አቋርጦ የልጄን ለቅሶ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ የለየ ጆሮ፣ ፊቱ የተነገረውን አንድ ቃል መስማት አቃተው። በዚያ ቀን ጠላሁት። ከዚያ ወዲያ ጀላሉ ሲቀዳ አሊማን ይዤ ወደ ወንድሜ ሱቅ እሄዳለሁ፣ መኪናዬንም አቆማለሁ። ሣህሉ ደግሞ በሚቀጥለው ካሴት «አሁንስ ጸጥ አላችሁ፤ የምትደብቁት ነገር ባይኖር ጸጥ አትሉም ነበር» ብሎ ላከ።

ጀላሉ ግን በየካሴቱ መጨረሻ «እህትህ ሰላም ትልሃለች» ማለቱን አልተወም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ባሌን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ሥራው አያልቅም። ጣሪያው ተከደነ፣ መስኮቶቹ ተቀየሩ፣ በረንዳው ሰማያዊ ተቀባ። የምሥራቁ ግድግዳ ግን ልስኑ ተነቅሎ፣ መወጣጫው እንደተደገፈ ቀረ። ለምን አትጨርሰውም ስለው «የሚጠገን ቤት ባለቤት ያለው ይመስላል፤ መወጣጫው ከወረደ ጫኔ ተረጋግቶ ያየናል» ይለኛል። ይሄ ገባኝ። ያልገባኝ ጓዳው ነው። አንድ ቀን ስመለስ አዲስ መደርደሪያ ሠርቶ አገኘሁ፤ እጄን ዘርግቼ ሳልንጠራራ የምደርስበት፣ በኔ ቁመት ልክ የተሠራ። ሣህሉ የበር ጉበን የሚነካ ሰው ነው።

«ይሄን ቤት ልትመልስ ነው ወይስ ልትወርስ?» አልኩት።

ጀላሉ ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። «እስኪመጣ አንቺ ነሽ የምትሠሪበት» አለኝ። መልስ ነው አይባልም፣ አይደለምም አይባልም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም፤ መደርደሪያውን ወድጄው ነበር። ሻይ ቅጠሌን፣ በርበሬዬን፣ የአሊማን ዱቄት ወተት ደረደርኩበት።

ሣህሉ የመጣው ሳይነግረን ነው። ሙቀቱ ሰው ከቤት የማያስወጣበት ከሰዓት ነበር፤ በረንዳው ላይ የአሊማን ልብስ አስጥቼ፣ በሩን ለነፋሱ ከፍቼ እሰፋለሁ። ጀላሉ መወጣጫው ላይ ሆኖ ግድግዳውን የሚሠራ ይመስላል። ቀና ስል ሣህሉ ሻንጣውን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ቀጥታ ከመርከብ ወደ ቤቱ ቢመጣ ኖሮ ሁሉን በአንድ ስኒ ሻይ በነገርነው። እሱ ግን መጀመሪያ የሄደው ቀበሌ ነው። ቤቴን ሠራተኞች ወረውብኛልና አስወጡልኝ ብሎ ጓድ ጫኔንና አንድ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አስከትሎ ነው የመጣው። በሌላው እጁ አዲስ የናስ ጓጉንቸር ይዟል፤ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል፣ ከውጭ አገር የገዛው። እኛን አስወጥቶ ሊቆልፍብን ነው።

ቁጭ ብዬ አልቀረሁም። ጨርቁን ጥዬ ተነሳሁና «ወንድሜ! ወንድሜ ሣህሉ! እንኳን ለዚህ አበቃህ!» እያልኩ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ጆሮው ሥር ሆኜ «እህቴ ናት በል፣ ቤትህ ነው» አልኩት። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

በክርኑ ገፋኝ።

«ምን አባቷ ነው የምታንሾካሽክብኝ? ማናት ይቺ?»

ጀላሉ ከመወጣጫው ዘሎ ወረደ። «ሣህሉ፣ እህትህን ሰላም በላት እንጂ። ሳልሀ ናት እኮ፤ የአክስትህ ልጅ!»

ጓድ ጫኔ ፈገግ አላለም፣ አልተቆጣምም። ነገሩን እንደ ጥሩ እራት ሳይቸኩል ነበር የያዘው። «ጓድ ሣህሉ» አለ፣ «እዚህ መዝገባችን ላይ እህትህ ቤቱ ውስጥ ትኖራለች ነው የሚለው። እህትህ ናት ወይስ አይደለችም?»

ዓይኖቼን ወደ ሊቀመንበሩ፣ ከሊቀመንበሩ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ሣህሉ አመላለስኩ። ባሌ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ሣህሉ ለአፍታ አየኝ። አሁን ገባው፣ አሁን ገባው አልኩ በሆዴ። እሱ ግን የተሰጣውን የልጅ ልብስ አየ፣ የእናቱ መቀመጫ የነበረው ቦታ ላይ ያለውን የስፌት መኪናዬን አየ፣ በተከፈተው በር የጓዳውን መደርደሪያ አየ።

«እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው» አለ። «አክስትም የለኝም። ባዳ ናቸው! ባሕር ላይ ስንከራተት የናቴን ቤት ሊቀሙኝ ነው!»

«ለስንት ጊዜ አልነበርክም?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ!»

«ለነዚህ ሰዎች አከራይተህ ነበር?»

«በፍጹም! አላከራየሁም፣ ግቡም አላልኳቸው።»

«እንግዲያው ባዶ ነበር» አለ ጓድ ጫኔ። «ብታከራየውም የመንግሥት ነው፤ ጥለኸው ሄደህ ባዳ ቢገባበትም የመንግሥት ነው። ያንተ የሚሆነው ዘመድ ቢኖርበት ነበር።»

የሣህሉ ፊት ሲለወጥ አየሁ። የካሴቱ ሰላምታ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ጆሮው ሲመለስ ያየሁ ያህል ነው። ወደኔ ዞረና እጁን ዘረጋ።

«እህቴ ናት» አለ። «ጓድ፣ ተናድጄ ነው፤ እህቴ ናት። እህቴ… ስምሽ ማን ነበር?»

ጥበቃው ሳቀ። ጓድ ጫኔ ለመቆለፊያ የሚሆን ነገር ይዞ አልመጣም ነበርና የሣህሉን ጓጉንቸር ከእጁ ተቀበለው። «ጠንካራ ነው» ብሎ አገላበጠው። ሁለቱንም ቁልፎች ጠየቀ፤ ሣህሉ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። እኛ ዕቃችንን እስክናወጣ ታገሰን፤ ይሄን አልክድም። መደርደሪያውን ጀላሉ ሊነቅለው ሲል ግን የቤቱ ነው ተብሎ ተከለከለ።

ጀላሉ ጋሪ አምጥቶ መኪናዬን ጫነ። ሣህሉ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሰማያዊውን በረንዳ ያያል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«በየካሴቱ ነገርንህ!» ብዬ ጮህኩበት። «የልጄን ለቅሶ ሦስቴ መልሰህ የሰማህ ሰውዬ፣ እኛን አንዴ መስማት አቃተህ! ቤትህን ካንተ በላይ የጠበቅነው እኛ ነን፤ አሁን አንተም ሜዳ፣ እኛም ሜዳ!» አልቅሼ ነበር። ለሱ ይሁን ለመደርደሪያዬ አላውቅም። እንዲያው እዚያው ትቼው ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ባሌ ግን ሻንጣውን አንስቶ ጋሪው ላይ ጫነውና «ተነስ፣ መሽቷል» አለው።

የምንሄድበት ከወንድሜ ከሳኒ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ሳኒ ባንኮኒው ላይ ስኳር እየመዘነ ነበር። ጋሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላችን የቆመውን ረጅም ሰው አየ።

«ይሄስ ማነው?» አለኝ።

«ራሱን ጠይቀው» አልኩት።

ሣህሉ አንገቱን ደፋ። እንደገና ሊሳሳት የፈራ ሰው ቃሉን አጥርቶ «ወንድሟ ነኝ» አለ።

ሳኒ ስኳሩን ሚዛኑ ላይ እንደያዘ ወደኔ ዞረ። እኔና ሳኒ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን።