ጋሪ ያለፈባት ፕላኔት

"አንድ ጊዜ ድገሚውማ፤ ኮፍያውን የሚያወልቅባትን" አለ ዛኪር፣ የተፈታታ ስልክ በአንድ እጁ እንደያዘ በሶረቲ ትከሻ ላይ አጮልቆ እያየ።

ሶረቲ ደገመችው። ከመስታወቱ ወዲያ የቆሙት ሁለት ደንበኞችም ተጠጉ። ስልኩ ላይ ነጭ የጠፈር ልብስ የለበሱ ሰዎች የቀይ አፈር ክምር ከበው ቆመዋል። "ቀዩ ሰፈር" ነው፤ ምድርን ትተው ሌላ ፕላኔት ላይ ሊሰፍሩ ስለሄዱ ሰዎች የሚተርከው፣ እሑድ ማታ የሚታየው ድራማ። መሪያቸው የሆነችው ሴት እንባዋን እያፈሰሰች "ከእኛ በፊት ይህን አፈር የረገጠ ነፍስ የለም" ትላለች። አፏን ሳትዘጋ ከትከሻዋ በስተጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ ቲማቲም የጫነ የፈረስ ጋሪ ብቅ ይላል። ባለጋሪው ሰዎቹን ሲያይ ያቆማል። ይወርዳል። ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ያልፋል።

ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

"እኔን የሚገርመኝ መውረዱ ነው" አለ ዛኪር። "ዝም ብሎ ቢያልፍ ማን ልብ ይለው ነበር?"

"ኬላ መስሎት ነዋ" አለ አንዱ ደንበኛ።

"አስተያየቱን አይታችኋል?" አለ ዛኪር። "'ከሁሉም ተዋናይ ፈረሱ ይሻላል' ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ 'ለነባሩ ነዋሪ ካሳ ተከፍሎታል ወይ?'"

ሶረቲም ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ከሳቀ ሰው ጋር ሁሉ ስትስቅ ነው የከረመችው። ትዕይንቱን ቆርጣ በሱቁ ገጽ ላይ ያወጣችው ራሷ ነበረች፤ "የትኛውም ፕላኔት ላይ ቢሆኑ ስልክዎን ከእኛ ይግዙ" የሚል ጽሑፍ ጨምራበት። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮው ከአዳማ አልፎ የት እንደደረሰ እሷም አታውቅም። የሱቁ ባለቤት መሐመድዘይን ደስ ብሎት በሰው ፊት አመስግኗታል።

እሱም ሆነ ዛኪር የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ገና እሑድ ማታ ጋሪው የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ብቅ ሲል፣ የሰውየው ፊት ሳይለይ፣ ከወንበሩ ሲወርድ በግራ ጎኑ ዘንበል ማለቱን አይታ አውቃዋለች። አባቷ ነበሩ። አዳማ ከመጣች ጀምሮ "አባትሽ እዚያ ባቱ ከተማ ምን ይሠራሉ?" ሲሏት "ትራንስፖርት ላይ ናቸው" ትላለች። ውሸት አይደለም ብላ ራሷን ታጽናናለች። ቪዲዮውን ያወጣችውም ቀድሞ የሳቀን ሰው ማንም አይጠረጥርም ብላ ነው።

"ሶረቲ እዚህ ናት?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ቀና ስትል አባቷ አቶ ፉፋ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በሌላው ኮፍያቸውን ይዘዋል። ያንኑ ኮፍያ። ሶረቲ ከመስታወቱ ኋላ እንዴት እንደወጣች አላወቀችም፤ ክንዳቸውን ይዛ፣ ሰላም ሳትላቸው፣ ከሱቁ ጎን ወዳለው ግድግዳ ጥላ ወሰደቻቸው።

"አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ?" አሉ አባቷ፣ በኦሮምኛ ደህንነቷን እየጠየቁ ጉንጯን ሲስሙ።

"ደህና ነኝ አባዬ። ምነው ሳይደውሉ?"

"መቼ ተረጋግቼ። ማልጄ ነው የተሳፈርኩት። ይቺ ዓሣ ናት፣ እናትሽ ናት የላከችው። አሁን እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቴሌቪዥን ላይ ወጥተሃል ይሉኛል። ባጃጅ የሚነዱት ልጆች ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ኋላ ጋሮምሳ ጎረቤታችን ቁም ነገሩን ነገረኝ፤ የሰው ሥራ አበላሽተሃል አለኝ። እውነት ነው?"

"ኧረ የተበላሸ ነገር የለም።"

"አሳዪኛ።"

የሚሸሽበት አልነበረም። ስልኩን ሰጠቻቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዩ።

"ፈረሱ ያነክሳል" አሉ። "የኋላ እግሩን አየሽው? ያን ቀን ልብ አላልኩም።" ደግሞም ጠየቁ። "ይቺ ልጅ እውነተኛ እንባ ነው የምታለቅሰው። ለድራማ እንዲህ ይለቀሳል?"

"ሥራቸው ነው።"

"እኔማ ሰው የሞተባቸው መስሎኝ። አፈር ተቆፍሯል፣ ከበው ቆመዋል፣ ሴቲቱ ታለቅሳለች። ልብሳቸው ግራ ቢገባኝ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፣ ቀብራቸው እንዲህ ይሆናል አልኩ። ታዲያ ለቅሶ ላይ ጋሪ ላይ ተጎልቶ ይታለፋል?"

ሶረቲ ሳምንቱን ሙሉ ያ ሰው ለምን ወረደ ሲባል ስትሰማ፣ ለምን እንደወረደ አንድ ጊዜ እንኳ ራሷን አልጠየቀችም። ታውቀው ነበር እኮ። ልጅ ሆና ቲማቲሙ ላይ ተቀምጣ ስትሄድ፣ ቀብር ባጋጠማቸው ቁጥር እሷንም አንስተው ያወርዷት ነበር።

"ሰው ከሥሩ ይጽፍበታል አሉ" አሉ አባቷ ስልኩን እየመለሱላት። "ምን ይላል? አንብቢልኝ።"

ዓይኗ የመጀመሪያው ላይ አረፈ። "ይሄ ገጠሬ ሌላ ፕላኔት ላይም አይለቀንም" ይላል። ከሥሩ ያለው የባሰ ነበር።

"'እኚህ አባት ጨዋ ሰው ናቸው' ይላል አንዱ" አለች።

"ሌላውስ?"

"'ፈረሳቸው ያምራል' ይላል።"

"እያነከሰ?" አሉ አቶ ፉፋ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "ዓይንሽ እኮ ጽሑፉ ላይ አልሄደም፣ ልጄ። ይሁን። ቆርጦ ያወጣውስ ማነው? ይታወቃል?"

"አይታወቅም" አለች ሶረቲ።

"ሶረቲ፣ ደንበኛ ቆሞልሽ..." ዛኪር በግድግዳው ጥግ ብቅ አለና አቋረጠ። አዛውንቱን አየ፤ በእጃቸው ያለውን ኮፍያ አየ፤ ደግሞ ሶረቲን። "እንደምን ዋሉ አባባ? የማውቅዎት ይመስለኛል።"

ሶረቲ ዓይኗን ወደ ስልኳ መለሰች። አቶ ፉፋ ጠበቋት። እንደማታስተዋውቃቸው ሲገባቸው ፌስታሉን ከፍ አድርገው አሳዩት።

"የት ታውቀኛለህ ልጄ። እኔ መልእክተኛ ነኝ። ከቤተሰቧ የተላከ ዓሣ ላደርስ ነው።"

"እሺ አባባ" አለ ዛኪር። ሶረቲን አንዴ አይቷት ተመለሰ።

ሁለቱ ለብቻቸው ሲቀሩ አባቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። "በይ እዚያው ሥር ጻፊልኝ። ልፋታችሁን ላበላሽ ብዬ አይደለም፣ ለቅሶ መስሎኝ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ በይ። ሠሪዎቹ ያዩታል አይደል?"

"ያዩታል።"

"ስሜን ግን ተዪው። አንድ የባቱ ባለጋሪ በይ፣ ይበቃል። አንቺም ስትጠሪ ሶረቲ ፉፋ ነሽና ሰው ያያይዘዋል። ሥራሽ ቦታ ምን ያደርግልሻል?"

የተናገሩት ያለ ቅሬታ ነው፤ ስትወጣ በር መዝጋት እንዳትረሳ የሚያስታውሱ ያህል። ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሶረቲ ግድግዳውን ተደግፋ መጻፍ ጀመረች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። የሱቁን ገጽ ዘግታ በራሷ ስም፣ ፎቶዋ ባለበት ገጿ ገባች። አባቷ ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየሩ ጠበቁ።

ላከችው።

"ጨረስሽ? እስቲ አንብቢልኝ፣ አጥፍቼ እንዳልሆነ።"

"ውስጥ ገብተን ላንብብልዎት" አለች።

"እዚሁ ይበቃል፤ ሰው አለብሽ።"

"ይግቡ አባዬ።"

ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። መሐመድዘይን ከደንበኛ ጋር ስለ ዋጋ ይከራከራል። ዛኪር ስልክ እየፈታ ነበር፤ ሲገቡ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ሶረቲ ከመስታወቱ ኋላ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም፤ ከአባቷ አጠገብ ቆማ፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ አነበበች።

"'ባለጋሪው አቶ ፉፋ ይባላሉ፤ የባቱ ሰው ናቸው። የወረዱት ለቅሶ ላይ የደረሱ መስሏቸው ነው። ሥራችሁን አበላሽቼ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ ብለዋል። አባቴ ናቸው።'"

መሐመድዘይን ክርክሩን አቁሞ ዞረ። አቶ ፉፋ በዚህ ያበቃ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ስልኩ ሰደዱ። አንድ መስመር ቀርቷት ነበር።

"'ቪዲዮውን ቆርጬ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።'"

መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከድቷት ነበርና፣ አልተሰማቸው ይሆናል ብላ ደገመችው።