ወንድሜና ለየአገሩ ያዘጋጀው ምክንያት

ወንድሜ አማካሪ ድርጅት ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ካለ ሰነበተ። ከእሱ ብሼ የምጸልየው ግን እኔ ነኝ። ከተቀጠረ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ወዳለበት ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ክፍሉም የእኔ ይሆናል። እስካሁን የምተኛው ሳሎን፣ ሽቦው ጎኔን እየወጋኝ ሶፋ ላይ ነው።

ለምን አማካሪ? ወንድሜ ዕቃ ማንሳት አይወድም። ዕቃ የሚያነሳ ሰው አጠገብ ቆሞ «በዚህ በኩል ብትይዘው ይቀልሃል» ማለት ግን ነፍሱ ነው። የእማዬን ሱቅ «ላደራጅልሽ» ብሎ ሳሙናውን ከስኳሩ ጋር ደረደረውና ሰፈሩ በሙሉ ሳሙና ሳሙና የሚል ሻይ ሲጠጣ ከረመ። ሰው ሱቁ በር ላይ ሲጮህ እሱ የጎረቤታችንን ፀጉር ቤት እያማከረ ነበር።

ቃለ መጠይቁ በኮምፒውተር ነው። ጠያቂዎቹ ሦስት፣ አገራቸውም ሦስት። ወንድሜ ፎቷቸውን አየና ኢንተርኔት ላይ ተጥዶ የየአገሩን ሰው ልብ የሚያቀልጥ መልስ ለቀመ።

«ስሚ አንቺ» አለኝ ክራባቱን እያሰረ። «ለመነጽራሟ ገንዘብና ዕድገት ፈልጌ ነው እላታለሁ፤ እነሱ አገር ምኞት ያስከብራል። ለሽማግሌው፣ ከታላላቆች ለመማር። ለጎረምሳው ደግሞ ዓለምን ለመለወጥ።»

«እውነተኛውስ?»

«የቱ እውነተኛ?»

«ሰኞ አጎታችን ጋራዥ ገብተህ ጎማ እንዳትፈታ ነዋ!»

«አፍሽን ዝጊ!»

ሰዓቱ ደረሰ። ከላይ ኮትና ክራባት፣ ከታች ቁምጣ። እኔና እማዬ መጋረጃው ጀርባ ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ጌታው በየተራ የሚመጡለት መስሎት ነበር። ሦስቱም ባንዴ ብቅ አሉ።

«ለምን እኛን መረጥክ?» አለች መነጽራሟ።

«ገንዘብና ዕድገት!»

ሽማግሌው ቅንድባቸውን ሰቀሉ። «ገንዘብ ብቻ?»

«ኧረ ገንዘብ ምን ያደርግልኛል! እርስዎ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ልማር እንጂ!»

ጎረምሳው ሳቀ። «ቁጭ ብለህ?»

«ቆሜ! ዓለምን እየለወጥኩ!»

እማዬ ጆሮዬ ሥር «ልጄን ምን ነካብኝ?» አለች።

«ምንም አልሆነም፣ አገር ላገር እየዞረ ነው» አልኳት። ሶፋው ላይ ማርጀቴ ነው ብዬ ግን እንባዬ መጣ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ባንድ ትንፋሽ ሦስታችንንም ልታስደስት ሞከርክ። ደንበኞቻችንም የሚከፍሉን ለዚሁ ነው።»

መነጽራሟ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ተቀጠረ!

ኮምፒውተሩ ገና ሳይዘጋ ክፍሉ ገብቼ ልብሱን ከቁም ሳጥን ማውጣት ጀመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሻንጣህን ላዘጋጅልህ ነዋ! መቼ ነው የምትሄደው?»

«የት? ሥራው እኮ ከቤት ነው። ሳሎኑ ቢሮዬ ይሆናል።» እጁን ኪሱ ከቶ በተከፈተው በር በኩል ሳሎን ያለውን ሶፋዬን በአገጩ ጠቆመኝ። «ያንን ወደ ኮሪደሩ አውጪልኝማ። በዚህ በኩል ብትይዢው ይቀልሻል።»