ሳይሞከር የወጣ ሬዲዮ

ጋሼ ባትሪ የተባሉት በሥራቸው ነው። በከተማው ፖሊስ መምሪያ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማከማቻው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የእጅ ሬዲዮዎችን ቻርጅ እያደረጉ ጠዋት ለተረኞች በመስኮት ያድላሉ፤ ማታ መልሰው ይረከባሉ። ሌባ አሳደው አያውቁም። ካቴና የነኩትም አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ወጣት መቶ አለቃ የገዛ እጁን አስሮ ቁልፉ ሲጠፋበት እየተሽኮረመመ ስለመጣባቸው ነው። ቢሆንም እሳቸው አንድ ቀን ቢቀሩ የከተማው ፖሊስ ሁሉ ዲዳ ሆኖ እንደሚውል ያምናሉ፤ ለሚሰማቸውም ለማይሰማቸውም ይናገራሉ።

አሠራራቸው የታወቀ ነው። ባትሪው የሞላ ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ ይቆማል፤ ያለቀበት ይጋደማል። ፖሊሱ ሲመጣ ከቆሙት አንዱን አንስተው ይሰጡታል። እሱም ለሙከራ በተተወችው መስመር "ይሰማል?" ይላል፤ እሳቸው በራሳቸው ሬዲዮ "ይሰማል፣ ሂድ" ይሉታል። ይህን ሳያደርግ ከመስኮቱ ፈቅ የሚል ተረኛ የለም። ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው የአንድ ልጃቸው ባል ነው። ሁለቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሲፈራረሙ ለጋሼ ባትሪ የነገራቸው አልነበረም። የሰሙት ከመምሪያው ጋራዥ ሠራተኞች ነው። "እንኳን ደስ አለዎት" ሲሏቸው ደመወዝ የተጨመረ መስሏቸው "እንኳን አብሮ ደስ አለን" ብለው አረፉት። መካኒኮቹ ሲሳሳቁ ነው ነገሩ የገባቸው። ይህችን ቀን እስካሁን አልዋጧትም።

ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ሆነ። ልጃቸው እየመጣች ትጠይቃቸዋለች፤ ባሏ ደጃቸውን አይረግጥም። ጠዋት መስኮቱ ጋ ሲደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሬዲዮውን ይገፉለታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይዞ ይሄዳል። "ይሰማል?" የለ፣ "ይሰማል" የለ። ይህ ነገር አንድ ቀን ሰው ይጎዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ያኮረፈ ሰው መቼ ያስባል!

ያን ቀን ጠዋት እንግዶች ይጎበኙናልና ክፍሎች ይጽዱ ተባለ። ጋሼ ባትሪ መደርደሪያውን ሊወለውሉ ሬዲዮዎቹን አወረዱ፤ ሲመልሷቸው ለዓይን እንዲያምሩ ብለው ሁሉንም አቆሟቸው። ተጋድማ የነበረችውንም ጭምር።

ተረኞቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ ጥግ ያለውን ቻርጀር ሊነቅሉ ጎንበስ ሲሉ፣ አረንጓዴ መብራት እያበራ የተቀመጠ አንድ የሞላ ባትሪ አዩ። ያ ባትሪ ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ መውጣት ነበረበት። እዚህ ከቀረ አንዱ ባዶ ባትሪ ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋቸውም፤ ሌላው ሁሉ ተናግሮ፣ ተሰምቶ ነው የሄደው።

አማቻቸው የተመደበው ከአሮጌዎቹ መጋዘኖች ጀርባ ነው። በቅርቡ እዚያ ጎረምሶች አንድ ፖሊስ በድንጋይ ፈንክተውት አሁንም ሆስፒታል ተኝቷል፤ ነፍሱ የተረፈችው በሬዲዮ ስለተጣራ ብቻ ነው። አብሮት ተረኛ የሚሆነው ጓደኛው ደግሞ ዛሬ ታሞ ቀርቷል። ልጁ ብቻውን ነው። ልጃቸው የመውለጃዋ ወር ነው።

የባሏን ስልክ ቁጥር አያውቁትም፤ ለመያዝም ፈልገው አያውቁም ነበር። ልጃቸው ጋ ደወሉ።

"የዚያን... የባልሽን ቁጥር ስጪኝ እስቲ።"

"አባዬ፣ ልትታረቁ ነው?"

"ቁጥሩን ስጪኝ አልኩሽ።"

"የኔ ስልክ ተሰብሮ የሱን ትቶልኝ ሄደ፤ ምጥ ቢመጣብሽ ብሎ። የኔን ሲም አስገብቼ የማናግርህ በሱ ስልክ ነው። ማታ ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ እንዴት ደስ እንደሚለው አታውቅም። ምን ልበለው?"

"ምንም አትበይው" ብለው ዘጉት።

ተቀመጡ፤ ተነሱ። የቆመ ሬዲዮ አስተኙ፣ የተኛ አቆሙ፤ የሚሠሩትን አላወቁትም። ማድረግ ያለባቸው ግልጽ ነው፤ ወደ መገናኛ ክፍል ወጥተው መናገር። ግን ከዚህ በፊትም የማይሠራ ሬዲዮ አውጥተው አዛዡ በሰው ፊት "ይህ ድጋሚ ከተፈጠረ የክፍሉን ቁልፍ ያስረክባሉ" ብለዋቸዋል። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከዚያች ክፍል ሌላ የሚገቡበት አጥተዋል፤ ቤታቸው ለመኝታ ብቻ ነው። ደረጃውን ጀመሩት፤ ግማሽ ላይ ተመለሱ። ደግሞ ወጡ። ምናልባት ምንም አይገጥመው ይሆናል አሉ በሆዳቸው፤ ወዲያው በራሳቸው አፈሩ።

የመገናኛ ክፍሏ ሃምሳ አለቃ ማዳመጫዋን አንድ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሻይ ትጠጣለች።

"የመጋዘኑን ፖስት ጥሪው" አሏት።

ጠራችው። ደግማ ጠራችው። ሻይዋን አስቀመጠች። "ምን ሆኗል ጋሼ?"

"ባዶ ባትሪ ሰጥቼዋለሁ።"

"እርስዎ?" አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አየር ላይ ካልኩት አዛዡ ይሰማሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ክፍት ነው።"

"እኔ ልበለው" አሉና ማይክሮፎኑን ወሰዱ። "ባትሪ ክፍል ነኝ። መጋዘን ጀርባ ያለው ልጅ የያዘው ሬዲዮ አይሠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻውን ነው። ቅርብ ያላችሁ ድረሱለት።" ማይክሮፎኑን ሳያስቀምጡም፣ "አማቼ ነው" አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም፤ በአንድ ጊዜ ከተማው ውስጥ ያለ ፖሊስ ሁሉ ሰማው።

ፎቅ ላይ በር ሲከፈት ተሰማ። አዛዡ ወርደው ደፉ ላይ ቆሙ፤ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሊደርስለት የሄደው የፓትሮል መኪና በሬዲዮ "ፖስቱ ላይ የለም" ሲል ጋሼ ባትሪ ወንበር ጠፍቶባቸው ግድግዳውን ያዙ። ልጃቸው ስልኩን በደረቷ አቅፋ ማታን ስትጠብቅ ታየቻቸው። አባትሽ ነው ባልሽን የገደለው፤ ይህን እንዴት ብለው ይነግሯታል? መኪናው እንደገና እስኪናገር ድረስ በመስኮትና በበር መሀል ተመላለሱ፤ ሃምሳ አለቃዋም ተቀመጡ ማለቱ ሰለቻት።

በመጨረሻ "አግኝተነዋል" አለ ሬዲዮው። "ዋናው መንገድ ላይ ነው። ደህና ነው።"

አዛዡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቁልፉን እስከ ማታ ያስረክቡ" ብለው ወደ ፎቅ ወጡ። ጋሼ ባትሪ መስማታቸውን እንጃ፤ ደረጃውን እየወረዱ ነበር።

አማቻቸው ሸሚዙ አቧራ ለብሶ መስኮቱ ጋ መጣ፤ ባዶውን ሬዲዮ አስቀመጠ።

"መቼ አወቅክ?" አሉት። በዓመቱ ለእሱ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

"ግቢውን እንደወጣሁ።"

"ታዲያ አትመለስም ነበር?"

"ብመለስ ማን ሰጠህ ይሉኛል። አዛዡ ያሉዎትን መምሪያው ሁሉ ያውቃል።"

ደማቸው ፈላ። "ለኔ ቁልፍ ብለህ ልጄን ያለ ባል ልታስቀራት? እኔ እንደሆንኩ መናገሬ አልቀረ! ደንቆሮ ነህ አንተ!"

"ነኝ" አለ ልጁ። ፈገግ ሊል ፈልጎ አልሆነለትም። "ጎረምሶቹ ከበውኝ ነበር። ሬዲዮውን አፌ ላይ አድርጌ መኪና ላኩ፣ ሰው ጨምሩ እያልኩ ወደኋላ አፈገፈግኩ። ሳወራ ይቆማሉ፤ ዝም ስል ይጠጋሉ። መንገዱ ደግሞ ረዥም ነው። የፖሊስ ወሬ አለቀብኝና እርስዎን ማናገር ጀመርኩ።"

"እኔን?"

"እዚህ መስኮት ጋ ልነግርዎ ፈልጌ ያቃተኝን ሁሉ።"

"ምን አልከኝ?"

ልጁ መሬት መሬቱን አየ። "ፊትዎን እያየሁ አልችልም፣ አባባ።"

ጋሼ ባትሪ ቻርጀሩ ላይ የቀረውን ባትሪ አንስተው ሬዲዮው ውስጥ ከተቱት። መስመሩን ወደ መሞከሪያዋ አዞሩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሳያዞሩ በመስኮቱ ሰጡት።

"ደረጃው ላይ ውጣና ሞክረው" አሉት።

የጫማው ድምፅ ራቀና ቆመ። ቁልፎቹን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ የራሳቸውን ሬዲዮ ጆሯቸው ጋ አስጠጉ።

"ይሰማል?" አለ ልጁ።

"ይሰማል" አሉ። ሂድ አላሉትም። "በል፣ ከመጀመሪያው ጀምር።"