የውሰት ትንፋሽ

"ንፊ! ንፊ! ንፊ! አታቋርጪ፣ ገና ነው፣ ጨምሪ!"

የሃያ ዓመቷ ሪዚኪ አፍንጫዋ በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ቱቦውን በከንፈሯ አጥብቃ፣ ደረቷ ውስጥ ያለውን አየር አሟጣ ነፋች። የሐኪም ቤቱ የሳንባ መርማሪ ካታና ስክሪኑን አየ።

"ይሄማ የዋናተኛ ሳንባ ነው! እውነት ግን ዛሬ ጠዋት ምንም አልወሰድሽም?"

"ምንም።"

ውሸቷን ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠችው አክስቷ ምዋናኮምቦ፣ "ሰው ፊት ሲቀርቡ ተጣጥቦ ነው" ብላ ከቤት ሳይወጡ ከራሷ ፓፍ፣ ከሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ሁለቴ እንድትስብ አድርጋታለች። እኛ የሞምባሳ ሰዎች ሐኪም ፊት እንኳ ታመን መታየት አንወድም። ነገሩ ደግሞ የሠርግ ነው። የእጮኛዋ እናት ቢ ቲማ፣ የልጅቷ ደረት ሌሊት ሲር ሲር እንደሚል ሰምታ፣ "አስም የለባትም የሚል ወረቀት ካላየሁ ልጄን አልድርም" ብላለች። ሪዚኪ ይህን ስትሰማ ሊከፋት ይገባ ነበር፤ ግን አልከፋትም። ከታጨች ወዲህ ሌሎች ያወራሉ፣ እሷ ትሰማለች፤ በቃ።

ካታና ወረቀቱን አተመ። "ሐኪሟ ይህን ካየች አስም የለም ነው የምትለው። መድኃኒትም አትጽፍልሽም።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለች አክስቷ። "ቢ ቲማ እስቲ አሁን ምን ልትል ነው?"

"አክስቴ፣ ሌሊት ሲያፍነኝስ?" አለች ሪዚኪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ባልሽ እስኪተኛ ትጠብቂና ትስቢያለሽ። እኔስ እንዴት የኖርኩ ይመስልሻል? አጎትሽ እስከ ዛሬ አያውቅም።"

ሪዚኪ አክስቷን አየቻት። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው አልመጣም። ድካም ብቻ ነው የተሰማት። ወደ መመርመሪያው ወንበር ተመልሳ ተቀመጠች።

"ወንድሜ ካታና፣ ዋሽቼሃለሁ። ጠዋት ሁለቴ ስቤያለሁ።"

"አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ?" አለች አክስቷ።

ካታና አልተቆጣም። ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። "እንግዲያው ሐሙስ ጠዋት ነይ፣ ምንም ሳትወስጂ። ካፈነሽ ግን በራስሽ እንዳትጨክኚ፣ ውሰጂ፤ ቀጠሮውን እንቀይራለን። መጀመሪያ እንዲሁ ትነፊያለሽ፣ ከዚያ መድኃኒቱን ሰጥቼሽ እንደገና። አስም መኖር አለመኖሩን ልዩነቱ ነው የሚነግረን።"

አክስቷ ጥቁር ልብሷን ሰብስባ ተነሣች። "ለቢ ቲማ ምን ልበላት ታዲያ?"

"ሐሙስ አብራን ትምጣ በያት" አለች ሪዚኪ። "ሁለቱንም ጊዜ ስነፋ ትየኝ።"