ግፊት ሊለኩ የመጡ ሰዎች

በዚህ ሕንፃ ያለ እኔ የሚከፈት በር የለም። አራት መቶ ቁልፍ ይዣለሁ፤ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ምቀኛ ካለ አስራ አራት ሊያገኝ ይችላል። ሰፈሩ "ጋሽ መቶ" የሚል ስም ያወጣልኝም በቅናት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት ቢሮ አለ። እዚያ የምትለማመድ አንዲት ወጣት ስለ አሠራሯ ለሰው የምታስረዳበት ቀን ተቆረጠላትና "ጋሼ፣ ሰው ይመጣ ይሆን?" አለችኝ።

"መቶ ሰው እነዳልሻለሁ!" አልኳት።

እውነቱን ልናገርና፣ ለእሷ ብዬ አልነበረም። ታላቅ እህቴ አንድያ ልጇን ከቀበረች አስራ አራት ወር ሆኗታል። እኔው ቤት ናት። "እንዴት ዋልሽ እትዬ?" ስላት "ደህና" ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። የልጇን ሹራብ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ሳይደርቅ አንስታ ደግማ ታጥባለች። ሰሞኑን ደግሞ ምግብ ትታለች። "ሰው አናግሪ" ብላት "አላበድኩም" ብላ ወደ ግድግዳ ዞረች።

ስለዚህ ለሰፈሩም ለእሷም "የደም ግፊት በነፃ ይለካል" ብዬ አስወራሁ።

ዘጠኝ ሰው መጣ። ዘጠኙም እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክንዱን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ተለማማጇ ልጅ ግራ ገብቷት አየችኝ፤ እኔ መስኮት የምፈትሽ መሰልኩ።

"እዚህ ስትመጡ" አለች፣ "እምነታችሁን፣ ዘመዳችሁን፣ ያደጋችሁበትን ወግ በር ላይ ጥላችሁ ግቡ አልልም። በሚቀናችሁ ቋንቋ እናወራለን። የራሳችሁን ሰው ይዛችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ማልቀስ ነውር አይደለም፤ ዝም ማለትም ይቻላል።"

"መለኪያው የታለ?" አለ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ።

"የምን መለኪያ፣ አባቴ?"

"የግፊት ነዋ!"

ሁሉም ዞሮ አፈጠጠብኝ።

"ይኼ መቶ! ግፊቴን የጨመርከውስ አንተ ነህ!" ብሎ እጅጌውን እያወረደ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ዳቦ ሻጯ በር ላይ ቆም ብላ "እብድ መስለንህ ነው?" አለችኝ።

እህቴ ብቻ ቀረች። ክንዷ እንደተራቆተ ነው፤ ክንድ ከተባለ።

ልጅቷ አጠገቧ ተቀመጠች። "እናቴ፣ ተታለው ነው የመጡት፣ ይቅርታ። መሄድ ይችላሉ። ከተመለሱ ግን፣ ማንን ይዘው ቢመጡ ይሻልዎታል?"

"ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?" አለች እህቴ፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። እንዲህ ስታወራ ከሰማኋት መንፈቅ አልፎኛል። "ግን አያስወራኝም። ስለ ልጄ አፌን ስከፍት ሌላ ወሬ ይጀምራል። ቀብሯ ላይ ሺህ ሰው ነበር ይላል። ሃያ ሦስት ነበርን። ቆጥሬያለሁ።"

"እንዳያንስባት ብዬ እኮ…"

"ይኸው!" አለች።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ እሳቸው ሲያወሩ ዝም ብለው መቀመጥ ይችላሉ?"

"እኔ? መቶ ሰዓት…" ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ማክሰኞ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይዣት ወጣሁ። ሹራቡን ከፌስታል አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ እርጥብ ነው። ብዙ አላወራችም። "በመጨረሻዋ ሳምንት ልጄ ደክሟት ነበር" አለች። "እሱ ቀልድ ሲያመጣ፣ እንዳይከፋው ብላ ትስቅለት ነበር። ስቃ ስትጨርስ ትንፋሽ ያጥራታል።"

የምመልሰው ነበረኝ፤ ዋጥኩት። ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን ሰዓት እያየሁ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

ስንወርድ ልብስ ሰፊው ደረጃው ላይ አገኘን። "እህሳ መቶ፣ ዛሬስ ስንት ሰው ሰበሰብክ?"

"ሦስት ነበርን" አልኩት።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

ቤት ስንደርስ ሹራቡን ደግማ አጠበችው። ያሰጣሁት እኔ ነኝ።

"እስከ ማክሰኞ ይደርቃል?" አለችኝ።

በአንድ ሰዓት ድርቅ ይላል ልል ነበር።

"አላውቅም እትዬ" አልኳት።