የቱፋ ወይራ

የዲማ ስም በበጎ በተነሣ ቁጥር የቱፋ ሆድ ይቃጠላል። ቢቃጠልም አይፈረድበትም። ከጎባ በላይ ያለው የተራቆተ ተዳፋት ለየአባወራው ተከፋፍሎ «አልሙት» ሲባል፣ የሁለቱ ድርሻ ጎን ለጎን ወደቀ። ቱፋ ቁጥቋጦውን ከሥሩ መነጠረ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ የወይራ ችግኝ በጀርባው ተሸክሞ ወጣ፣ በበጋ በጀሪካን ውሃ አጠጣ። መዳፉ ተላጠ። ዲማስ? ዲማ ዙሪያውን በእሾህ አጠረና ወሬውን ሊጠርቅ ሮቤ ገበያ ወረደ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። የቱፋ ችግኝ ፀሐይና ውርጭ እየተፈራረቀበት አብዛኛው ደረቀ። በዲማ ቁጥቋጦ ሥር ግን ማንም ያልተከለው ወይራ ብቅ ብቅ አለ፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ደረሰ፣ ድኩላ ገባበት፣ ከታች የደረቀችው ምንጭ መንጠባጠብ ጀመረች። ሰው ከጎሮ ሳይቀር እየመጣ «ማሻአላህ ዲማ» ሲል ቱፋ ጥርሱን ይነክሳል። ሰነፍ ተኝቶ የሚመሰገንበት አገር፣ ይላል በልቡ፣ ምን አገር ነው?

አንድ ቀን የጎባዋ የደን ባለሙያ እታለማሁ መንደርተኛውን ሰብስባ የዲማን ተዳፋት አስጎበኘች።

«ዘሩን የዘሩት ወፎች ናቸው» አለች። «ፍሬውን ከትልቅ ወይራ ላይ ይበላሉ፣ እዚህ ቁጥቋጦ ላይ አርፈው ይጥሉታል። ጥላው ቡቃያውን ከውርጭ ይሸፍንለታል። ባዶ መሬት ላይ ግን ወፍ ምን ላይ ይረፍ?»

ባዶው መሬት የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቱፋ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ወፎቹን አየ። የሚነሡት ከእሱ ጓሮ፣ ከአባቱ ከወረሰው ወይራ ነው፤ በአካባቢው ሌላ ትልቅ ወይራ አልቀረም። ለካ ዲማን የሚያስከብረው የገዛ ዛፉ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ መጥረቢያውን ሲስል ሚስቱ ሰቢሪና ከደጃፍ ቆማ አየችው።

«ምን ልታደርግ ነው ቱፋ?»

«ማገዶ።»

«ማገዶማ ሞልቷል። አባትህ ሽማግሌ ያስቀምጥበት የነበረውን ዛፍ? ዲማ ምን በደለህ አቦ?»

ምን እንደበደለው ቢያውቅ ይነግራት ነበር። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጭኖ ወጣ። ወይራ በቀላሉ አይበገርም፤ ፀሐይ እስክትከር ታገለው። ዛፉ ሲወድቅ ወፎቹ ተንጫጭተው ተነሡ፣ ቱፋንም ለአንድ አፍታ ቅልል አለው።

ላቡን ሳይጠርግ የዲማን ድምፅ ሰማ። እታለማሁንና የቀበሌ ሰዎችን አስከትሎ ከአጥሩ ማዶ እየመጣ ነው፤ ዛፉን ገና አላየም።

«ቱፋ፣ እንግዳ አምጥቼልሃለሁ። ሁሉም የእኔ ሥራ ሲመስላቸው አፈርኩ። ወላሂ፣ እኔ አጥሬ ከመቀመጥ በቀር ምን ሠራሁ? የእነዚህ ወይራዎች እናት የቱፋ ዛፍ ናት፣ የሚመሰገነው እሱ ነው አልኳቸው። ካሁን በኋላ ለወረዳው ሁሉ ዘር የሚለቀመው ከዚህ...»

አጥሩን ሲዞር ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። መጥረቢያው ቱፋ እጅ ላይ ነው፤ ስንጣሪው እግሩ ሥር ተበትኗል። እታለማሁ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ነፋስ ነው» አለ ዲማ ፈጠን ብሎ። «ሌሊቱን ሲነፍስ አድሮ የለ? ቱፋ ወድቆ አግኝቶት እየመለመለው ነው።»

ማንም አላመነውም፣ ማንም አልተቃወመውም። እታለማሁ ጎንበስ ብላ ከወደቀው ቅርንጫፍ ፍሬ መልቀም ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ዲማ መጥረቢያውን ከቱፋ እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደና ግንዱ ላይ አስደገፈው።

ቱፋ ቆሞ ያየዋል። ማፈር ይገባው ነበር፣ አፈረም። ከሐፍረቱ በታች ግን ያው ቅናት አሁንም ይነድ ነበር፤ በደግነቱም ቀናበት።